ኮሚካችሁ ስቶሪቦርድ አይደለም

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። «እኔና ጓደኛዬ ባለ 96 ገጽ ምናባዊ የጀብዱ ኮሚክ ሠርተናል። ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የሳለው እሱ ነው። አንዲት ልጅ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ከሐይቅ ሥር ወዳለች ከተማ ትወርዳለች። አሁን ፊልም ልናደርገው ነው። ሥዕሉ ስላለን ስቶሪቦርድ አያስፈልገንም፤ ሳጥን በሳጥን እያየን እንቀርጸዋለን። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ስለሆነ 96 ደቂቃ ይወጣዋል ብለን አስልተናል። ጓደኛዬ አንዲት ነገር እንኳ መቀየር የለባትም ባይ ነው፤ አንባቢዎቻችን ይቀየሙናል ይላል። መንገዳችን ትክክል ነው?»

አይደለም። የደቂቃው ስሌትም የስቶሪቦርዱም (ፊልሙ ከመቀረጹ በፊት በሥዕል የሚወጣለት ዕቅድ) ነገር ስህተት ነው። የጓደኛህ ስጋት ግን ግማሹ እውነት ስላለው ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከደቂቃው ልጀምር። «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚባለው ለፊልም ስክሪፕት ነው። በተለመደው ቅርጽ የተጻፈ ስክሪፕት፣ አንዱ ገጽ በአማካይ ወደ አንድ ደቂቃ ይጠጋል። እሱም ግምት ነው። «ሠራዊቱ ከተማዋን ከበበ» የምትል አንዲት መስመር አራት ደቂቃ ልትበላ ትችላለች። የኮሚክ ገጽ ግን እንዲህ ያለ ግምት እንኳ የለውም። ስድስት ሳጥን ያለው የንግግር ገጽ ከአንድ ደቂቃ በላይ ሊሄድ ይችላል። ስድስት ሳጥን ያለው የፍልሚያ ገጽ ደግሞ ስክሪን ላይ ስምንት ሰከንድ ሆኖ ያልቃል። ስለዚህ የእናንተ 96 ገጽ 50 ደቂቃም 130 ደቂቃም ሊሆን ይችላል፤ ገጽ በመቁጠር አይታወቅም።

አሁን ወደ ዋናው። እኔ ወደዚህ ሙያ የገባሁት ስቶሪቦርድ እየሳልኩ ነው፣ በኋላ ወደ ኤዲቲንግ ዞርኩ፤ እና ይህን ጥያቄ በተለያየ መልክ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልነግርህም። ስቶሪቦርድ የሥራ መሣሪያ ነው። ካሜራው የት ይቆማል፣ ተዋናዩ ከየት ይገባል፣ ቀጥሎ ምን ይታያል የሚለውን ለሠራተኛው ይነግራል፤ ቀረጻው ሲያልቅ ሥራው አብቅቷል። ኮሚክ ግን ያለቀ ሥራ ነው። የተሠራው ለካሜራማን አይደለም፣ ለአንባቢ ነው። እና አንባቢው ዝም ብሎ ተመልካች አይደለም፤ ግማሹን ታሪክ የሚሠራው እሱ ነው።

እንዴት? በሁለት ሳጥኖች መካከል ያለችውን ነጭ ክፍተት ተመልከታት። በመጀመሪያው ሳጥን የልጅቷ እጅ በሩ ላይ ነው። በሁለተኛው ክፍሉ ባዶ ነው፣ ሻማው ወድቋል። በመካከል ምን ሆነ? አልተሳለም። አንባቢው በሩ ሲከፈት ሰምቷል፣ እርምጃዋን ቆጥሯል፣ ልቡ ደንግጧል፤ ሁሉንም በራሱ ፍጥነት። ቢፈልግ ሥዕሉ ላይ ይቆያል፣ ቢፈልግ ገጹን መልሶ ያያል። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል። በሩ በዝግታ ይከፈት ወይስ በድንገት፣ ምን ድምፅ ያሰማል፣ ልጅቷ ገብታ ስንት ሰከንድ ትቆያለች፣ ይህን ሁሉ የምትወስነው አንተ ነህ፣ ተመልካቹ ደግሞ ሊያቆምህ አይችልም። አንባቢው በነፃ ይሠራላችሁ የነበረውን ሥራ አሁን እናንተ ልትሠሩት ነው። ሳጥን በሳጥን የተቀረጸ ፊልም ብዙ ጊዜ በድን ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው። ሥዕሎቹ አሉ፣ ያቺ ክፍተት ግን የለችም።

ሌላም አለ። አንዲትን ሳጥን ውሰድ። ሰውየው ይጮኻል፣ ሴትየዋ ትመልስለታለች፣ ብርጭቆው ይወድቃል፣ ውሻው ይሸሻል። ሁሉም አንድ ሥዕል ውስጥ ናቸው። ያቺ ሳጥን አንድ ቅጽበት ትመስላለች እንጂ አሥር ሰከንድ ያህል ጊዜ ይዛለች። ተዋናዩ አፉን ከፍቶ፣ እጁን አንስቶ፣ እንደተሳለው ሆኖ አሥር ሰከንድ ሊቆም አይችልም። በተጨማሪ የኮሚክ ሳጥን ይረዝማል፣ ይጠባል፣ ይሰፋል። ከላይ እስከ ታች የተዘረጋች ቀጭን ሳጥን የውድቀት ስሜት ትሰጣለች፤ ልጅቷ ወደ ሐይቁ የምትወርድበትን ገጽ ጓደኛህ እንዲህ አድርጎ ስሎት ቢሆን አይገርመኝም። ስክሪን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው ጠፍጣፋ አራት ማዕዘን ነው። ያንን ጥልቀት ከካሜራ እንቅስቃሴ፣ ከድምፅ፣ ከብርሃን መፈለግ አለባችሁ።

አሁን የምነግርህን ደግሞ ቀረጻ ላይ ካልደረሰ በቀር የሚያስተውለው ሰው የለም። ከግራ ወደ ቀኝ በሚነበብ ኮሚክ ቀድሞ የሚናገረው ሰው በግራ መሆን አለበት፤ ካልሆነ የንግግር አረፋዎቹ ተሻምተው ቅደም ተከተሉ ይጠፋል። በሚቀጥለው ሳጥን ሌላኛው ቀድሞ ከተናገረ ሠዓሊው ቦታ ያለዋውጣቸዋል። አንባቢው ልብ እንኳ አይለውም። ይህንኑ በካሜራ ብትደግመው ግን ካሜራው በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለውን የማይታይ መስመር ተሻግሮ ማዶ ይቆማል፤ ሾቱ (ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጸው አንድ ቁራጭ) በተቀየረ ቁጥር ሰዎቹ ቦታ የተቀያየሩ ይመስላሉ፣ ማን ማንን እንደሚያይ ይጠፋል። የ180 ዲግሪ ሕግ የሚባለው ይህን ለመከላከል ነው። እንዲህ የተቀረጸ ነገር አንድ ጊዜ ኤዲት ለማድረግ ተቀምጬ አውቃለሁ። ዳይሬክተሩ ኮሚኩን በእጁ ይዞ ነበር የቀረጸው። እያንዳንዱ ሾት ለብቻው ሲታይ ውብ ነው፣ ሁለቱን አገናኝቼ ግን ንግግር ላደርጋቸው አልቻልኩም። በመጨረሻ ሁለት ቀን እንደገና መቀረጽ ነበረበት።

«ታዲያ ሲን ሲቲስ?» ልትለኝ ትችላለህ፤ ሁሉም ሰው ይለኛል። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አዎ፣ የ2005ቱ ሲን ሲቲ ብዙ ሾቶቹን ከኮሚኩ ሳጥኖች ወስዷል። ግን ምን እንደጠየቀ አስብ። ሮበርት ሮድሪጌዝ የኮሚኩን ደራሲና ሠዓሊ ፍራንክ ሚለርን አብሮት ዳይሬክት እንዲያደርግ ፈለገ፣ የአሜሪካ ዳይሬክተሮች ማኅበር ሁለቱን በጋራ ሊያውቃቸው ስላልፈቀደ ሮድሪጌዝ ከማኅበሩ ወጣ። ተዋናዮቹ አብዛኛውን ጊዜ የተቀረጹት ግሪን ስክሪን ፊት ነው፣ በኋላ በኮምፒውተር ሌላ ምስል በሚተካ አረንጓዴ መጋረጃ ማለት ነው፤ ከተማው፣ ዝናቡ፣ ጥላው ኋላ ነው የተጨመረው። ማለትም ሰዎቹን ብቻ ሳይሆን ዓለሙን በሙሉ ወደ ሥዕል ለውጠውታል። እና ኮሚኩ ራሱ ሲጀመር በድሮ ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልሞች ዓይን የተሳለ ነው፤ ወደ ፊልም መመለሱ ወደ አገሩ እንደ መመለስ ነው። የሚለር ሌላ ሥራ የሆነው 300ም በተመሳሳይ መንገድ በስቱዲዮ ውስጥ ተቀርጿል፣ በሥዕል የምናውቃቸውን አቋቋሞች አንድ በአንድ ያሳያል፤ ያም ሆኖ ዳይሬክተሩ ዛክ ስናይደር በኮሚኩ ትንሽ ቦታ የነበራትን ንግሥት አሳድጎ ስፓርታ ውስጥ የራሷን ታሪክ ሰጥቷታል። ጦር ሜዳው ብቻውን አንድ ሙሉ ፊልም መሸከም አይችልም ነበር። የእናንተ ልጅ ግን በቀለም፣ በውኃና በብርሃን በተሞላ ከተማ ነው የምትሄደው። ያንን ሁሉ በግሪን ስክሪን ለመፍጠር የምታወጡት ጊዜና ገንዘብ ታሪኩን ራሱን ይበላዋል።

ወደ ጓደኛህ ልምጣ። «አንዲት ነገር እንዳትቀየር» የሚለው ፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን ታማኝነት የሚለካው በስንት ሳጥን እንደተረፈ አይደለም። ከሄልቦይ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ማይክ ሚኞላ የሳለው ይህ ኮሚክ የመጀመሪያ ተከታታዩ በ1994 ወጣ። ጊየርሞ ዴል ቶሮ በ2004 ፊልም ሲያደርገው ኮሚኩ ውስጥ ያልነበረ ሰው ጨመረ፤ ማየርስ የሚባል ወጣት የኤፍ ቢ አይ ሠራተኛ። ለምን? ይህን እንግዳ ዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ፣ ተመልካቹ አብሮት የሚደነግጥ ሰው ያስፈልግ ነበር። በሄልቦይና በሥራ ባልደረባው በሊዝ መካከል ያለውን ፍቅርም ዴል ቶሮ ነው ያመጣው፣ ኮሚኩ ውስጥ የለም። ይህን ሁሉ ቀይሮ ሁለት ነገር ላይ ግን ንቅንቅ አላለም። አንዱ ሄልቦይን የተጫወተው ሮን ፐርልማን ነው፤ ስቱዲዮዎች የበለጠ ዝነኛ ተዋናይ ሲጠይቁት ለዓመታት እሱን ይዞ ተከራከረ። ሁለተኛው የሄልቦይ ባሕርይ ነው፦ ግዙፍ ቀይ ጭራቅ ሆኖ ሳለ ሥራው እንደሰለቸው ሠራተኛ የሚያጉረመርም፣ ልቡ የሚሰበር። ሚኞላ ራሱ አብሮት ሠርቷል። በ2008 የወጣው ሁለተኛ ክፍል ጭራሽ ከኮሚኩ ያልተወሰደ፣ ሁለቱ አብረው የፈጠሩት ታሪክ ነው።

በ2019 ደግሞ ሌላ ሄልቦይ ወጣ። ይህኛው ከበርካታ የኮሚኩ ታሪኮች ብዙ ነገር ይዟል፤ አንባቢ የሚያውቃቸው ጭራቆች፣ ጠንቋዮች፣ ግዙፎች፣ የንጉሥ አርተር ዘመን ነገር፣ ሁሉም ሁለት ሰዓት ውስጥ ተጠቅጥቀዋል። በብዛት ብትቆጥር ለኮሚኩ የቀረበው እሱ ነው። ግን አንዱን ሳትጨብጠው ሌላው ይመጣል። ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ፊልም በመላው ዓለም ያስገባው ወደ 55 ሚሊዮን ነው፤ ሲኒማ ቤቶች ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ይህ ኪሳራ ነው። ገቢ የጥራት ሚዛን አይደለም፣ እሱን አውቃለሁ። እኔን ያሳመነኝ ሁለቱን ፊልሞች በተከታታይ ማየቴ ነው። በአንደኛው ሰውየውን ታውቀዋለህ፣ በሌላኛው የደረሰበትን ብቻ ታውቃለህ።

ስቲቨን ስፒልበርግ በ2011 ቲንቲንን ሲሠራም ያደረገውን ተመልከት። የቲንቲን ፈጣሪ የሆነውን የኤርዤን ሦስት መጻሕፍት ወስዶ አንድ አደረጋቸው፣ በመጽሐፉ ምንም ጉዳት የሌለውን የመርከብ ሞዴል ሰብሳቢ ሳካሪንን ደግሞ የፊልሙ ጠላት አደረገው። ጀብዱ ፊልም ጀግናውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያሳድድ አንድ ሰው ይፈልጋልና። መጽሐፉ ግን አልፈለገም፤ በጋዜጣ ቁርጥራጭ እየሆነ ስለወጣ በየቀኑ የምትመጣ ትንሽ አደጋ ትበቃው ነበር።

ስለዚህ ጓደኛህ የሚፈራውን ነገር በቃል አስቀምጡት። ሁለታችሁም ለየብቻ ተቀምጣችሁ «ይህ ከጠፋ የኛ ታሪክ አይደለም» የምትሉትን ጻፉ። አምስት ነገር ብቻ። ከአምስት ከበለጠ አልመረጣችሁም ማለት ነው። ልጅቷ ለምን እንደምትወርድ፣ ከተማዋ የምትገዛበት ሕግ፣ የብርሃኑ ቀለም፣ በመጨረሻ ወንድሟን ስታገኘው የሚሆነው፤ ምናልባት እነዚህ ይሆናሉ። እነሱን በጥርሳችሁ ያዙ። ሌላው ሁሉ ሊቀየር፣ ሊዋሐድ፣ ሊወጣ ይችላል።

ከተማዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትታይበትን ቦታ ለምሳሌ ልውሰድ። ኮሚኩ ላይ ገጽ ሲገለበጥ የምትመጣ ባለ ሁለት ገጽ ሥዕል ናት ብዬ እገምታለሁ፤ ጥሩ ሠዓሊ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። የገጹ መገለበጥ ራሱ መጋረጃ ነው፣ የሚከፍተው ደግሞ የአንባቢው እጅ ነው። ፊልም ላይ የሚገለበጥ ገጽ የለም። ሥዕሉን እንዳለ ለአምስት ሰከንድ ብታሳየው ፖስትካርድ ይሆናል። መጀመሪያ ጨለማውን አስረዝመው። ትንፋሿ ይሰማ። ከዚያ ከተማዋን ሳታሳይ የልጅቷን ፊት አሳይ፣ ብርሃኑ ቀስ እያለ ዓይኗ ላይ ይውጣ፣ ትንፋሿ ይቁም፤ ተመልካቹ «ምን አየሽ?» ብሎ ሲጨነቅ ያኔ ክፈትለት። ይህች ሾት ኮሚኩ ውስጥ የለችም፣ ሥራዋ ግን የገጹን መገለበጥ ሥራ ነው። እኔ ታማኝነት የምለው ይህን ነው።

በሳጥን ጥግ የሚጻፉትን የሐሳብና የትረካ ጽሑፎች በናሬሽን፣ ከምስሉ ጀርባ በሚሰማ የተራኪ ድምፅ፣ እንዳትተኩ። ለሁለትና ሦስት ቦታ ይሠራ ይሆናል፣ ፊልሙን በሙሉ ካለበሰው ግን ተዋናይቷ የምትሠራው አይኖራትም።

አሁን ምናባዊ ስለሆነው ክፍል፣ ምክንያቱም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በቀለምና በወረቀት ዘንዶ ከወንበር እኩል ነው፤ አንድ ሠዓሊ፣ አንድ ጠረጴዛ። በካሜራ ግን ዘንዶው በታየ ቁጥር ይከፈልበታል። ስለዚህ ፍጡሮቹን ብቻ ሳይሆን የሚታዩባቸውን ሾቶችም ቁጠሩ። አንድ ፍጡር በ60 ሾት ከሚታይ ሦስቱ በ15 በ15 ሾት ቢታዩ ይረክሳል ብሎ የሚያስብ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ተቃራኒው ነው፣ እያንዳንዱ ፍጡር እንደ አዲስ መነደፍና መሠራት አለበትና። አንዱን ምረጡና እሱን በደንብ ሥሩት። ከተቻለ በሜካፕና በአልባሳት ይሁን፣ ምክንያቱም ተዋናይቷ የምታየው፣ የምትነካው ነገር ሲኖር ፊቷ አይዋሽም። ፐርልማን በየቀኑ ለሰዓታት ሜካፕ ወንበር ላይ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ፍጡሩ በኮምፒውተር የሚጨመር ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ዓይኗ የሚያርፍበት ነገር፣ ኳስ የታሰረበት ዘንግም ቢሆን፣ በትክክለኛው ቁመት ይቁምላት። ሌሎቹ ፍጡሮች በድምፅና በጥላ ይኑሩ።

ውኃውን በተመለከተ አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ። ልጅን ውኃ ውስጥ መቅረጽ ያለ ሠለጠነ ጠላቂና ያለ ነፍስ አድን ፈጽሞ የሚሞከር ነገር አይደለም፣ ጥልቀቱ ትንሽ ነው ማለትም መልስ አይሆንም። ያለ ውኃም ይሠራል። ክፍሉን በስሱ ጭስ ትሞላላችሁ፣ የሚሞገድ ብርሃን ከላይ ትለቃላችሁ፣ ተዋናይቷን በገመድ ትይዛላችሁ፣ ፀጉርና ልብስ በነፋስ ይንሳፈፋል፣ ቀረጻው ዝግ ይላል። ዴል ቶሮ የ2017 ፊልሙን ዘ ሼፕ ኦፍ ዎተርን የሚከፍተውን በውኃ የተሞላ ቤት የሠራው ያለ ውኃ ነው። ደህንነቱ ይቅርና በዚህ መንገድ የምታገኙት ምስል ለሥዕላችሁ የበለጠ ይቀርባል ብዬ አምናለሁ።

ያልጠየቅከኝ ግን ልነግርህ የሚገባ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ታሪኩ ያንተ፣ ሥዕሉ የእሱ ከሆነ ሥራው የሁለታችሁ ነው። የቅጂ መብት ዓለም አቀፍ ውል የሆነው የበርን ስምምነት ሥራን ወደ ፊልም የመቀየር ፈቃድን ለደራሲው ነው የሚሰጠው፤ እዚህ ጋ ደራሲው ሁለት ሰው ነው። አሁን በፍቅር ላይ እያላችሁ፣ ማን ምን ድርሻ እንዳለው፣ አንዳችሁ እምቢ ካለ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ አድርጉት። ፕሮዲዩሰር መጥቶ ኦፕሽን ልግዛ ቢላችሁ ያ ማለት ለተወሰነ ጊዜ ለሌላ እንዳትሸጡት ይከፍላችኋል ማለት ነው እንጂ ፊልሙ ይሠራል ማለት አይደለም። ጊዜው ሲያልፍ መብቱ ወደ እናንተ እንደሚመለስ የሚል አንቀጽ ከሌለ አትፈርሙ። ሁለተኛው ክፍል፣ ጌሙ፣ መጫወቻው ለየብቻ ይጻፍ። ፊርማ ከማስቀመጣችሁ በፊት የምትኖሩበትን አገር የቅጂ መብት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያንብበው።

የማዝህ ይህን ነው። ሙሉውን ፊልም አሁን አትጀምሩ። ኮሚኩን ዘግተህ፣ መሳቢያ ውስጥ አስገብተህ፣ ታሪኩን ከራስህ ጭንቅላት እንደ ስክሪፕት ጻፈው፤ ያስታወስከው ነው ዋናው፣ የረሳኸውን ብዙውን ጊዜ ፊልሙም አይፈልገውም። ከዚያ የመውረዷን ትዕይንት ብቻ ውሰዱ። ጓደኛህ ለዚያ ትዕይንት አዲስ ስቶሪቦርድ ይሳል፤ ሁሉም ሳጥን የስክሪኑ ቅርጽ፣ አረፋ የሌለው፣ የካሜራው አቅጣጫ የተመለከተበት። ሥዕሎቹን በተርታ ደርድራችሁ፣ በስልካችሁ የተቀዳ ድምፅ ጨምራችሁ አኒማቲክ አድርጓቸው። ኮሚኩን ላላነበቡ አምስት ሰዎች አሳዩና እናንተ ዝም በሉ። ልጅቷ ምን እንደምትፈልግ ሳይነገራቸው ከገባቸው ቅረጹት። ካልገባቸው ሥዕሉን ሳይሆን ትዕይንቱን ቀይሩ። ያቺ የሦስት ደቂቃ ትዕይንት ተቀርጻ ስታልቅ የቀረውን ፊልም ርዝመት፣ ወጪና የፍጡሮቹን ቁጥር ከእሷ ተነስታችሁ ማስላት ትችላላችሁ።